የእታፈራሁ ሰበብ

እታፈራሁ ከቤሌ ተነስታ ሶዶ ስትገባ፣ ዕቃዋን ያየ ሰው አራስ ልትጠይቅ ሳይሆን ቤት ልትቀይር የመጣች ነበር የሚመስለው። አንድ ማሰሮ ቅቤ፣ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ፣ ግማሽ ጆንያ ቦይና የሚሉት ጎደሬ፣ እግሯ የታሰረ ዶሮ፤ ከሁሉም ኋላ ደግሞ ባሏ ጩማ።

"ማሰሮው!" ትለዋለች ዞር ብላ።

"ይዣለሁ።"

"ክዳኑስ?"

"ይዣለሁ አልኩሽ እኮ።"

"ዶሮዋስ የታለች ታዲያ?"

ዶሮዋ ከባጃጁ ወንበር ሥር ተወሽቃ ነበር። እስክትወጣ ድረስ ሹፌሩም፣ ጩማም፣ በዚያ ያልፍ የነበረ አንድ ዲያቆንም አብረው ጎነበሱ። እታፈራሁ ቆማ አዘዘች። እንዲህ ዓይነት ሴት ናት፤ ደስ ሲላት ትቆጣለች፣ በጣም ደስ ሲላት ደግሞ ሁሉንም ሰው ትቆጣለች። ያን ቀን ከሹፌሩ ጀምሮ ያልተቆጣችው ሰው አልነበረም፤ የልጅ ልጅ ስታይ የመጀመሪያዋ ነበርና።

ያላት አንድ ልጅ ፍሬዘር ብቻ ነው። ሶዶ መምህር ሆኖ፣ ከሻንቶ ሳምራን አግብቶ፣ ዓመት ዓመትን እየተካ ልጅ ሲዘገይባት ያልተሳለችበት ታቦት የለም። ስልኩ ሲደወል ገበያ መሀል ነበረች፤ እልልታዋን ስታቀልጠው ቅቤ ሻጮቹ የማንን ሠርግ እንደረሱ ተያይተው ነበር አሉ።

ቤቱ ከሳሊህ የጅምላ መደብር ጀርባ ያለ ሁለት ክፍል ኪራይ ነው። የፊተኛው ሳሎን፣ የኋለኛው መኝታ፤ በመሀል መጋረጃ። እታፈራሁ መጋረጃውን ገልጣ ገባች፣ "እንኳን ማርያም ማረችሽ ልጄ!" አለች፣ ሳምራን ጉንጯ እስኪርስ ሳመቻት። ሳምራ ሕፃኑን አንስታ ስትሰጣት ግን ተቀብላ እግሩን ብቻ ሳመችና ትኩስ ድስት እንደነካ ሰው ቶሎ መለሰችው። "የመንገድ አቧራ አለብኝ" አለች።

ይህ የመጀመሪያው ሰበብ ነበር።

በነእታፈራሁ ወግ ምራት ስትወልድ አማት መጥታ ታርሳታለች፤ ማረስ ብቻም አይደለም፣ አልጋዋ ላይ አብራት ትተኛለች፣ ሕፃኑ በመሀላቸው። ባል ፍራሹን ተሸክሞ ወደ ሳሎን ይሰደዳል። ፍሬዘር አንሶላ አስቀይሮ፣ የእናቱን ቦታ በግድግዳው በኩል አዘጋጅቶ፣ ከአባቱ ጋር ሳሎን ለማደር ተሰናድቶ ጠበቃቸው። እታፈራሁ ግን በርጩማ ስባ ከአልጋው ራስጌ ተቀመጠች፤ እዚያው አነጋች።

"አዬ፣ ኧረ ይተኙ" አለቻት ሳምራ። አዬ በወላይትኛ እናት ናት።

"አንኮራፋለሁ። ልጁን አስነሳዋለሁ።"

በማግስቱ "እግሬ በእንቅልፍ ይራገጣል፣ ጩማን ጠይቂው" አለች። ቀጥሎ ደግሞ ከቤሌ ቁንጫ ይዛ መጥታ እንደሆነ እንደምትጠረጥር ተናገረች፤ በቁንጫ የሚታማ ቤት እንደሌላት ቤሌ በሙሉ እያወቀ። ቀን ቀን ደግሞ ሳምራ ሕፃኑን ይዛ እንድታቆይላት ስትሰጣት "እጄ ቅቤ ነው"፣ "ሽንኩርት ሸትቻለሁ"፣ "ገንፎው ያርብኛል" ትላለች። ሰበብ የሚሸጥ ቢሆን ኖሮ የሳሊህን መደብር ከነመጋዘኑ በገዛችው።

ሥራ ላይ ግን ወገቧን የሚችል የለም። ገንፎው፣ አጥሚቱ፣ ቆጮና ቅቤ አብሮ የሚለወስበት ሙቹዋው፣ የጨርቁ አጠባ። ሳምራ ፊቷ ሞላ። ቀን ላይ እታፈራሁ ግድግዳ ተደግፋ፣ ማማሰያ በእጇ እንደያዘች ትንሽ ታሸልባለች፤ ሕፃኑ ሲያስነጥስ ብድግ ትላለች።

እውነቱ ሌላ ነበር። ፍሬዘር ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላው እታፈራሁ አንድ ወንድ ልጅ ወልዳ ነበር። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ጡት ላይ የማይቀለድበት ልጅ። በሦስተኛ ወሩ አንድ ጠዋት በሷና በጩማ መሀል እንደተኛ ቀዝቅዞ ተገኘ። ማታ ጠብቷል፣ ስቋል፣ ምንም አላለም። ጎረቤት መጥቶ አለቀሰ፣ ቀበረ፣ ንፍሮ ቀቀለ፤ ክፉዎች አልነበሩም። ወንዝ ዳር ውሃ ሲቀዱ ግን አንዲት ቃል ከአንዷ ወደ አንዷ ዞረች፤ "ተጫነችው።" ፊት ለፊቷ ማንም አላለም። መባሉን ግን ሰማች፣ አመነችም፤ ስትነቃ ክንዷ ደረቱ ላይ ነበር። ለንስሐ አባቷ ነገረች፣ ስግደት ተቀበለች፣ ሰገደች። እሳቸው እግዚአብሔር ይፍታሽ አሏት፤ እሷ ራሷን አልፈታችም።

ከሁሉ የባሰው የጩማ ነገር ነው። በዚያው ሳምንት ምንም ሳይናገር ቁርበቱን ይዞ በፊተኛው ቤት ወዳለው መደብ ወጣ። "ጀርባዬን ያመኛል፣ ጠንካራ ነገር ይሻለኛል" አለ። በሬ ሲጠምድ የማያመው፣ ግንድ ሲፈልጥ የማያመው ጀርባ አልጋ ሲያይ ብቻ ያመዋል። እታፈራሁ ገባት፤ ልጁን ከገደለች ሴት ጎን መተኛት አቅቶታል። አልፈረደችበትም። ገበያ አብረው ይሄዳሉ፣ በጨው ይጣላሉ፣ ይሳሳቃሉ፤ አልጋው ግን ያንድ ሰው እንደሆነ ሠላሳ ዓመት አለፈው፣ ልጅም ከዚያ ወዲያ አልተወለደም። የሞተውን ልጅ ስም የጠራ የለም። ፍሬዘር እንኳ ወንድም እንደነበረው አያውቅም። ሆድ ይፍጀው ተባለ፤ ሆድም የቻለውን ያህል ፈጀ፣ የቀረው ግን እዚያው ነበር።

ስለዚህ ነው በርጩማው ላይ የምትቀመጠው። ከዚያ ሕፃን አጠገብ ዓይኗን ብትከድን ምን እንደሚሆን ታውቃለች፤ ያወቀች ይመስላት ነበር።

ሳምራ ይህን ከየት ታውቀዋለች? እሷ የምታየው ልጇን የማትታቀፍ፣ ሌሊቱን እንደ ዘበኛ አፍጥጣ የምትጠብቃት አማት ነው። ረቡዕ ዕለት የሳሊህ ሚስት አዚዛ ልትጠይቃት ስትመጣ ሆዷ ሞልቶ ነበርና ፈነዳች። የሁለቱ ክፍል ግድግዳ ደግሞ ቺፑድ ነው፤ ሳሎን ሽንኩርት የምትከትፈው እታፈራሁ አንድ ቃል አላመለጣትም።

"አማቴ አይወዱኝም አዚዛ። ወይ እኔን ወይ ልጄን ተጠይፈዋል። እግሩን እንኳ በጣታቸው ጫፍ ነው የሚይዙት። ፍሬዘርን ልነግረው ነው፤ ቅዳሜ እናቴ ከሻንቶ ትምጣና እሳቸው ወደ ቤሌ ይመለሱ።"

"ወላሂ ግን ምግባቸው…" አለች አዚዛ።

"ምግባቸውማ!" አለች ሳምራና ጭራሽ አለቀሰች።

እታፈራሁ ሽንኩርቱ ምስጋና ይግባውና እንደልቧ አነባች። ስንት ዓመት የለመነችው ቤት፣ የለመነችው ልጅ፣ ቅዳሜ ሊዘጋባት ነው። ገብታ ብትናገርስ? ግን ለአራስ ሴት ምን ተብሎ ይነገራል? "ልጄን ተኝቼበት ገድዬዋለሁ፣ ያንቺን ስጪኝ ልያዘው" ይባላል? የምትችለውን አደረገች፤ በዚያ ምሽት ገንፎው ላይ ቅቤ ጨመረች።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሲስተር እየሩስ መጣች። የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ናት፤ ቤት ለቤት ትዞራለች፣ ሳቋ ከበር ይቀድማታል፣ ምላሷም አይተናነስም። ጩማ ሳሎን ደጃፍ ላይ ቀርከሃ እየሰነጠቀ ቅርጫት ይሠራል፤ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አያውቅበትም። አዚዛ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። እታፈራሁ ከምድጃው ማማሰያዋን ይዛ መጋረጃው ሥር ቆመች።

እየሩስ ወደ አልጋው ተጠጋችና ሕፃኑን ፈለገችው። መፈለግ ነበረባት። አራስ ጠያቂው ሁሉ ከሳሊህ መደብር ያንኑ ነብር የተሳለበትን ብርድ ልብስ እየገዛ ስለመጣ፣ ሳምራም የሰው ስጦታ ናቀች እንዳይባል ሁሉንም ስለምታለብሰው፣ ልጁ በሆዱ ተደፍቶ ከሦስት ነብር በታች ነበር።

"ይሄ ልጅ ነው ወይስ ሊጥ?" አለች እየሩስ። "እንዲቦካ ነው የሸፈናችሁት?"

ነብሮቹን አንድ በአንድ ገፈፈቻቸው። አንገቱን ዳሰሰች፤ በላብ ርሷል። ገልብጣ በጀርባው አስተኛችው። "እንዲህ ነው። ሁልጊዜ በጀርባው። ፊቱ ላይ ምንም አይኑር፣ ትራስ አይኑር፣ ሙቀት አይብዛበት፣ ጭስ አይጠጋው። ከእናቱ ጋር ባንድ ክፍል፣ ግን በራሱ መኝታ፤ ጠፍጣፋ፣ የማይሰምጥ ነገር ላይ።"

ጩማ ብቅ አለ። "በጀርባው ከተኛ ትውከቱ ያንቀዋል" አለ።

"አያንቀውም አባባ። እንዲያውም በሆዱ ሲተኛ ነው የሚብሰው።"

"ጭንቅላቱስ? እንደ ድስት ክዳን ጠፍጣፋ ይሆናል እኮ!"

"ሲነቃ በሆዱ አድርጋችሁ አጫውቱት፣ ክብ ይሆናል። ለጊዜው የት እናስተኛው?"

አዚዛ ሮጣ ሄዳ ከባሏ መደብር ጠንካራ የብስኩት ካርቶን ይዛ ተመለሰች። አንድ ቀጭን ጨርቅ ተወጥሮ ተነጠፈበትና ሕፃኑ ከአልጋው ጎን፣ ካርቶኑ ውስጥ ተንጋለለ። ደስ ያለው መሰለ። ጩማ ግን ፊቱ ቀላ። "የልጅ ልጄ ብስኩት ነው እንዴ? ቆይ፣ እኔ በቀርከሃ እሠራለታለሁ። ነገ ሳይመሽ!"

"ወለሉን ጠፍጣፋ አድርገው ይሥሩት" አለች እየሩስ እየሳቀች። ከዚያ ወደ ሳምራ ዞረች፤ ድምፅዋ ረጋ አለ። "ላስፈራራሽ አይደለም። ግን አንዳንድ ሕፃን ደህና አምሽቶ ተኝቶ ሳይነቃ ይቀራል። ይህን ሁሉ የምለፈልፈው ለዚያ ነው።"

እታፈራሁ ከመጋረጃው ሥር "እናቱ ካልተጫነችው ጤነኛ ልጅ እንዴት ይሞታል?" አለች። ሁሉን ሰው የሚያዝዘው ያ ድምፅዋ ቀጥኖ ነበር።

"ይሞታል እማማ። ሁሉን ነገር በሚቆጥሩት አገሮች እንኳ ከሺህ ሕፃን አንድ ያህል፣ አንዳንዱም ጋ ከዚያ ያነሰ፣ እንዲህ ይሄዳል፤ ይበልጡን በሁለትና በአራት ወር መሀል። እኛ ጋማ ማን በቅጡ ቆጥሮት! ሲመረመር አንዱ ኢንፌክሽን፣ አንዱ ከልቡ፣ አንዱ አፍንጫው ተሸፍኖ ታፍኖ ሆኖ ይገኛል። የቀረውን ሐኪሙ ገላውን ከፍቶ አይቶም 'ምክንያቱን አላወቅሁም' ብሎ ይፈርማል። በጀርባ ማስተኛት ሲለመድ ከግማሽ በላይ ቀንሷል። ጨርሶ ግን አልጠፋም።"

"ተጫነችው የሚባለውስ?"

"የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ አልዋሽዎትም፣ ለብቻው ይተኛ የምለውም ስለዚያ ነው። ብዙ ጊዜ ግን እናት ላይ የሚፈረደው ሌላ የሚፈረድበት ሰው ስለጠፋ ነው።"

እታፈራሁ ማማሰያውን በሁለት እጇ ያዘች። "እኔ ግን ተጫንኩት" አለች። "ልጄን። ከፍሬዘር ቀጥሎ የወለድኩትን።"

ሳምራ አፏን ያዘች። በርጩማው፣ ማንኮራፋቱ፣ ቁንጫው፣ ሁሉም ባንዴ ገባት።

"ማን ነው የተጫነው?" አለ ጩማ።

ሁሉም ዞሩ። እጁ ላይ የያዘው የቀርከሃ ስንጥር ተሰብሯል።

"አንቺ? አንቺ ወደ ግድግዳው ዞረሽ ነበር የተኛሽው! እኔ ነኝ እንጂ። ቀኑን ሙሉ ሳርስ ውዬ እንደ ግንድ ወደቅሁ፣ ስነቃ ጋቢዬ ፊቱ ላይ ነበር። ሳትነሺ ነው ቶሎ ያነሳሁት። እኔ ነኝ የገደልኩት!"

"ክንዴ ደረቱ ላይ ነበር!"

"ክንድሽ ያኔ ይህቺን ስንጥር ነበር የሚያህለው! ዝንብ አይገድልም!"

"እኔ ነኝ አልኩህ!"

"እኔ ነኝ አልኩሽ!"

ምግብ ቤት ገብተው ሂሳብ ካልከፈልኩ እንደሚባባሉ ወዳጆች ተጓተቱበት። አዚዛ ሳቅ አመለጣትና ደንግጣ በሻሿ አፏን ሸፈነች፤ ዓይኗ ግን እንባ ሞልቶ ነበር።

"ቆይ፣ ቆይ!" አለች እየሩስ እጇን ዘርግታ። "የሞተው አንድ ልጅ ነው፤ ገዳይ ነኝ ባይ ግን ሁለት ሆኖብኛል። እኔ አልነበርኩም። ጋቢው ይሁን፣ አተኛኙ ይሁን፣ ልቡ ይሁን አላውቅም። እናንተም አታውቁም። ማንም ያላየውን ነገር ነው ይሄን ሁሉ ዘመን የፈረዳችሁት። ደግሞ የሚገርመኝ፣ እርስ በርስ አልተካሰሳችሁም፤ እያንዳንዳችሁ ራሳችሁን ነው ያሰራችሁት።"

እታፈራሁ እየሰማቻት አልነበረም። ጩማን ታየው ነበር።

"ከአልጋው የወጣኸው…"

"ሌላ ልጅ እንዳልገድልብሽ ነዋ! ደግሞስ በየማለዳው ምን ዓይን ኖሮኝ ነው ፊትሽን የማየው?"

"ጀርባህስ?"

"ጀርባዬ ምን ሆኖ!"

"ጦሳው!" አለች፤ አምላኬ ማለቷ ነው። ማማሰያውን አነሳች። "ሠላሳ ዓመት! ተጠየፈኝ ብዬ ለብቻዬ ሳርር! ስንት እንወልድ ነበር! አራት! አምስት! ሴት ልጅ እንኳ ይኖረን ነበር! አፍህን ምን ዘጋው?"

"ያንቺንስ ምን ዘጋው?"

ትከሻው ላይ በማማሰያው አሳረፈችበት፤ የደህና ኮቱ ትከሻ ገንፎ በገንፎ ሆነ። ከዚያ እዚያው ትከሻ ላይ ወድቃ ልቅሶዋን ለቀቀችው። አንጀቷ እየነደደ ነበር፤ ለጠፋው ዕድሜ፣ ላልተወለዱት ልጆች፣ ለዚህ ሞኝ ሽማግሌ። በዚያው ደግሞ እፎይ ብሏት ነበር፤ እንዲህ ቀልሏት አያውቅም። ጩማ እጁን የት እንደሚያደርግ ጠፍቶበት ትንሽ ቆየና ወገቧ ላይ አደረገው።

አራስ ቶሎ ቶሎ አትነሳም ይባላል። ሳምራ ግን ተነሳች። ሕፃኑን ከካርቶኑ አውጥታ አማቷ ፊት ቆመች።

"አዬ፣ ይያዙት።"

"እጄ…"

"ይሁን፣ ቅቤ ይሁን። ሽንኩርትም ይሁን። ቅዳሜ የሚመጣም የሚሄድም የለም። ይያዙት።"

እታፈራሁ ተቀበለችው። ሕፃኑ አንገቷ ሥር ገብቶ ሁለት ጊዜ በአፍንጫው አንኳኳ፣ ጡት የፈለገ መሰለ፣ ሲያጣ ተወውና ተነፈሰ። ትንፋሹ ይሞቃል። እንዲህ ዓይነት ክብደት በክንዷ ከያዘች ስንት ዘመኗ ነው፤ ክንዷ ግን አልረሳውም። ሲያሸልብ ጎንበስ አለችና በገዛ እጇ፣ በጀርባው፣ ካርቶኑ ውስጥ አጋደመችው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ዓይኗን ከደነች፣ ገለጠች። ሕፃኑ እንደተኛ ነው፣ ይተነፍሳል።

እየሩስ ቦርሳዋን አነሳች፤ ገንፎ ሳትቀምስ አትሄጂም ተባለችና መልሳ አስቀመጠችው።

"ስሙ ማን ነበር?" አለች ሳምራ በቀስታ።

እታፈራሁና ጩማ እኩል አፋቸውን ከፈቱ።

"ኢሳይያስ።"

ሁለቱም ተደናገጡ። ስሙ ጮክ ብሎ ሲጠራ ቤቱ አልፈረሰም።

በዚህ መሀል ፍሬዘር ዳይፐርና ሙዝ በፌስታል ይዞ ከትምህርት ቤት ገባ። መጋረጃውን ሲገልጥ ያላሰበውን ነገር አየ፤ ሚስቱ ቆማ፣ አዚዛ እየሳቀች እያለቀሰች፣ የአባቱ ኮት ገንፎ ለብሶ፣ ልጁ ብስኩት ካርቶን ውስጥ።

"ኢሳይያስ ማነው?" አለ።

እታፈራሁ አልጋው ላይ ፈቀቅ አለችና ከጎኗ ያለውን ቦታ ለጩማ በመዳፏ ጠበጠበችለት። ጩማ እንደ አዲስ ሙሽራ ዙሪያውን ተመለከተ፣ ከዚያ መጥቶ ቁጭ አለ።

"ወንድምህ ነው" አለች እታፈራሁ። "ና፣ ተቀመጥ፣ እንንገርህ። ካንተ ይቆነጅ ነበር።"